የአፍንጫ ሌሽማንያና «ከመጠን ያለፈ መከላከያ» የተባለው ትምህርት፤ ሂሳዊ ሐተታ

ስለ ሌሽማንያ በሽታ የተማረ ተማሪ ሁሉ በደብተሩ ውስጥ አንዲት አግድም መስመር አስምሮ ይገኛል። በመስመሪቱ አንድ ጫፍ ላይ ፊትንና እጅ እግርን የሚሸፍነው፥ ተሕዋሱ የሚርመሰመስበት፥ የሰውነት መከላከያ ኀይል ግን ያንቀላፋበት የተሠራጨ የቆዳ ሌሽማንያ ይጻፋል። በሌላው ጫፍ ላይ ደግሞ አፍንጫንና አፍን የሚበላው፥ ተሕዋሱ በብዙ ድካም ካልሆነ የማይገኝበት፥ መከላከያው ከመጠን አልፎ የገዛ ወገኑን ሥጋ የሚያፈርስበት ሌሽማንያ ይጻፋል። በመካከላቸው ጊዜውን ጠብቆ ራሱ በራሱ የሚድነው ተራ ቍስል ይቀመጣል። እኔም እንደ ጓደኞቼ ይህችን መስመር አስምሬ፥ በፈተናም ቀን ደግሜ አስምሬ፥ ሙሉ ነጥብ አግኝቼባታለሁ።

ይህን ሐተታ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያው ሙሉ ነጥብ ነው። መስመሪቱ ፈጽማ ሐሰት ናት ለማለት አልተነሣሁም፤ ብዙ የተደከመባት፥ ለትምህርትም የምትመች ናት። ነገር ግን «የአፍንጫው ቍስል በመከላከያ ኀይል ብዛት የመጣ ነው» የሚለው አነጋገር፥ በአንድ አገር፥ በአንድ ዐይነት ተሕዋስ፥ ይልቁንም ከክንድ በተቀዳ ደም ላይ የተገኘውን ማስረጃ ወስዶ፥ በዓለም ላይ ላለው የአፍንጫ ሌሽማንያ ሁሉ፥ የኛንም አገር ጨምሮ፥ ሕግ አድርጎታል። የምተቸው ይህን ነው። ጀማሪ ተማሪ እንደ መሆኔ ስሕተት ቢገኝብኝ መምህሮቼ እንደሚያርሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሕክምና ተማሪዎች ላልሆኑት አንባብያን በሽታው ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ሌሽማንያ በዐይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ከሰው ሰው፥ ወይም ከአውሬ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ደቃቅ ነፍሳት ናት። ዝንቢቱ ነድፋ ባስገባችው ጊዜ፥ ባዕድ ነገርን ውጦ ለማጥፋት የተሰማራው ማክሮፌጅ የተባለው የሰውነት ሕዋስ መጥቶ ይውጠዋል፤ ተሕዋሱ ግን እዚያው በዋጠው ሕዋስ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ይራባል። ስለዚህ መከላከያው የሚፈተነው ጠላትን በማግኘት አይደለም፤ አግኝቶታል፤ የሚፈተነው ማክሮፌጁን አበርትቶ በሆዱ ያለውን እንዲገድል በማድረግ ነው። ይህን የማበርታት ትእዛዝ የሚያስተላልፈው በተለይ ቲ ሊምፎሳይት የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ሲሆን፥ ትእዛዙም ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለው ሌላው መልእክተኛ ብግነትን ያባብሳል፤ ኢንተርሊዩኪን 10 የተባለው ደግሞ በተቃራኒው ያበርዳል። እነዚህን ሦስት ስሞች የያዘ ሰው የሚቀጥለውን ሁሉ መከተል ይችላል።

በደቡብ አሜሪካ ሌሽማንያ ብራዚሊየንሲስ የተባለው ዐይነት በቆዳ ላይ፥ ብዙ ጊዜ በእግር ላይ፥ ቍስል ያወጣል። ቍስሉ ይሽራል፤ ጠባሳ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ከወራት ወይም ከዓመታት ቈይቶ፥ ከመቶ ሕሙማን ከአንድ እስከ ዐሥር በሚሆኑት ላይ አፍንጫ መታፈን ይጀምራል፤ ቅርፊትና ነስር ይከተላል፤ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ይበሳል፤ አፍንጫው ይወድቃል። ሲብስ ወደ ላንቃና ወደ ጉሮሮ ወርዶ ድምፅን ይዘጋል። በፔሩና በቦሊቪያ ሕዝቡ እስፑንድያ ይለዋል። ያለ መድኀኒት የሚድን ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህችን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሳት እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስባታለሁና።

ተሕዋሱን ብራዚሊየንሲስ ብሎ የሰየመው በ1911 ዓ.ም. ጋስፓር ቪያና የተባለ ብራዚላዊ ሐኪም ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1912 ዓ.ም. አንቲሞኒ የተባለው ማዕድን ያለበትን መድኀኒት ለዚህ በሽታ ማዋል የጀመረውም እሱ ነው፤ በ1914 ዓ.ም. ገና በ29 ዓመቱ ሞተ። የተሻሻለው አንቲሞኒ እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ በሽታ ይሰጣል። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ ጆአዎ ሞንቴኔግሮ የተገደለ ተሕዋስ በቆዳ ውስጥ ወግቶ ከሁለት ቀን በኋላ እብጠቱን የመለካት ፈተና አወጣ። የአፍንጫ ሕሙማን በዚህ ፈተና ክንዳቸው ክፉኛ ያብጣል፤ የተሠራጨው የቆዳ ሌሽማንያ የያዛቸው ግን ምንም አይታይባቸውም። ከአፍንጫ የተቈረጠ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሊምፎሳይት ሞልቶበት ተሕዋሱ እምብዛም አይገኝም። እንግዲህ እንቈቅልሹ ገና ሳይቶካይን የሚባል ቃል ሳይፈጠር ተቀምጦ ነበር፤ ጠላቱ ጥቂት፥ ሠራዊቱ ብዙ፥ አገሩ ግን የፈረሰ።

ለዚህ እንቈቅልሽ መልስ ለመስጠት ከሁሉ ይልቅ የደከሙት በብራዚል በባሂያ ክፍለ ሀገር የሚሠሩት ኤድጋር ካርቫልዮና ባልደረቦቹ ናቸው። በዚያ ክፍለ ሀገር ኮርቴ ዴ ፔድራ የምትባል በሽታው የጸናባት መንደር አለች፤ ለሕሙማኑ የተቋቋመው ክሊኒክ በምርምር ዓለም ስሙ የታወቀ ነው። በ1985 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የአፍንጫ ሕሙማን ሊምፎሳይት ከተሕዋሱ ጋር ሲገናኝ ከቆዳ ሕሙማን ይልቅ በኀይል እንደሚራባና ኢንተርፌሮን ጋማም አብዝቶ እንደሚያወጣ አሳዩ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ አልፈው፥ ኢንተርፌሮን ጋማና ቲ.ኤን.ኤፍ. በአፍንጫ ሕሙማን ዘንድ ከፍ እንደሚሉ ብቻ ሳይሆን፥ አብራጁ ኢንተርሊዩኪን 10 ዝቅ እንደሚልና፥ ከውጭ ቢጨመርላቸውም እንኳ ሕዋሶቹ እንደ ሌሎቹ ሕሙማን ሕዋሶች እንደማይበርዱ ገለጡ። ይህ የመጨረሻው ነገር በጣም የሚያስደንቅ ነው። ልጓሙ አጥሮ ብቻ ሳይሆን ፈረሱም ልጓም የማይሰማ ሆኗል ማለት ነው። በ2005 ዓ.ም. ሌሎች የብራዚል ተመራማሪዎች የአፍንጫውን ሥጋ ራሱን መርምረው ኢንተርሊዩኪን 10ን የሚቀበለው የሕዋስ በር በዚያ ሥጋ ላይ ከቆዳ ቍስል ያነሰ መሆኑን ስላገኙ ነገሩ ይበልጥ ተጠናከረ። በ2010 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ጥናትም ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሥጋው በሚፈርስበት ቦታ ተሰብስበው ተገኙ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ትምህርቱን ያጸናው የመድኀኒት ፈተና ነው። ፔንቶክሲፊሊን የሚባል፥ ቀድሞ ለእግር የደም ዝውውር ችግር የሚሰጥ፥ የቲ.ኤን.ኤፍ.ን መመረት የሚቀንስ ኪኒን አለ። በ2001 ዓ.ም. አንቲሞኒ እንቢ ያላቸው 10 የአፍንጫ ሕሙማን ይህን ኪኒን ከአንቲሞኒ ጋር ወስደው 9ኙ ዳኑ። በ2007 ዓ.ም. የታተመው ፈተና ደግሞ በዕጣ የተከፈለ ነበር፤ ኪኒኑን ከአንቲሞኒ ጋር የወሰዱት 11 ሰዎች ሁሉም በአንድ ዙር ሕክምና ሲድኑ፥ አንቲሞኒና ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 12 ሰዎች 5ቱ ሁለተኛ ዙር አስፈለጋቸው። የመዳኛውም ጊዜ በአማካይ 83 ቀንና 145 ቀን ሆኖ ተለያየ። ክርክር ለሚወድ ሰው ይህ ከባድ ማስረጃ ነው፤ ብግነቱን ስትቀንስ ቍስሉ ከፈጠነ፥ ብግነቱ ቍስሉን ያቈይ ነበር ማለት ነውና። እኔም የትምህርቱ ደጋፊ ብሆን ኖሮ ከዚህ እጀምር ነበር።

ይሁን እንጂ ያንኑ የ2007 ዓ.ም. ፈተና ደግመን እናንብበው። አንቲሞኒ ብቻውን ከወሰዱት 12 ሰዎች 7ቱ በአንድ ዙር ድነዋል። አንቲሞኒ በዋናነት የሚሰጠው ተሕዋሱን ለመግደል ነው። ቍስሉ የመከላከያ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሕዋሱን የሚገድል መድኀኒት ምን አድርጎ ያድነዋል? ጥቂት የተባሉት ተሕዋስያን ሥራቸው ጥቂት አይደለም ማለት ነው። አንቲሞኒ ራሱ የሰውነትን መከላከያ ሊለውጥ ይችላል የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ፤ መልሱ ግን የሚያስረዳው ሁለቱን መለየት አለመቻላችንን ነው እንጂ የትምህርቱን እውነተኛነት አይደለም። ደግሞም 23 ሰው 23 ሰው ነው። አንድ ሕመምተኛ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢገኝ መቶኛው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ እያንዳንዳችን በወረቀት ላይ ማስላት እንችላለን።

ከዚህ የሚብሰው የ2017 ዓ.ም. ውጤት ነው። በዚያው በባሂያ ተራ የቆዳ ቍስል ላለባቸው 164 ሰዎች ፔንቶክሲፊሊን ከአንቲሞኒ ጋር ተፈተነ። የቆዳ ሕሙማንም ቲ.ኤን.ኤፍ. ከፍ ያለባቸው ስለ ሆኑ ይጠቅማቸዋል ተብሎ ነበር። የዳኑት ግን ኪኒኑን ከወሰዱት 45 ከመቶ፥ ካልወሰዱት 43 ከመቶ ሆኑ፤ ማለት ልዩነት የለም። እንግዲህ ኪኒኑ የአፍንጫውን ቍስል የሚያፈጥነው ቲ.ኤን.ኤፍ.ን በመቀነሱ ብቻ ነው ለማለት ከባድ ይሆናል፤ ወይም የአፍንጫውና የቆዳው ልዩነት በብዛት ሳይሆን በዐይነት ነው። በብዛት ካልሆነ ደግሞ በአንዲት መስመር ላይ ግራና ቀኝ ማስቀመጡ ምን ይጠቅማል?

ወደ ደሙ ልመለስ። አብዛኞቹ መለኪያዎች የተለኩት ከክንድ በተቀዳ ደም ነው። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ደም መቅዳት ቀላል ነው፤ የቈሰለ አፍንጫ መቍረጥ ግን ያማል፥ ያደማል፥ የሚቈረጠውም ከሩዝ ፍሬ የሚበልጥ አይደለም። በክንድ የሚዘዋወረው ሕዋስ ግን በአፍንጫ ውስጥ ያለው ሕዋስ ላይሆን ይችላል። በመንገድ ላይ የሚታየውን ወታደር ቈጥሮ በምሽጉ ውስጥ ያለውን መገመት አደጋ አለበት። ከላይ የጠቀስኳቸው የ2005 እና የ2010 ዓ.ም. ጥናቶች ሥጋውን በመመርመራቸው ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሆኖም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚጠቀሰው ብዙ ጊዜ የደሙ ቍጥር ነው፤ አጻጻፉ ግን ስለ አፍንጫው እንደ ተለካ ያስመስለዋል።

ሁለተኛም የቅደም ተከተል ነገር አለ። እነዚህ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚደርሱት አፍንጫቸው መፍረስ ከጀመረ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ከፍ ብሎ የተገኘው ኢንተርፌሮን ጋማ የበሽታው አባት ይሁን የበሽታው ልጅ በምን ይታወቃል? ጎጆ በተቃጠለበት ቦታ ብዙ ሰው ውሃ ተሸክሞ ቢገኝ፥ ያቃጠሉት እነዚህ ናቸው አይባልም። ቅደም ተከተሉን ለማወቅ የቆዳ ቍስል የያዛቸውን ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደማቸውን እየቀዱ አፍንጫቸው እስኪታመም መከተል ያስፈልጋል። ከመቶ ሰው ሦስቱ ይታመማሉ ብንል፥ ሠላሳ የአፍንጫ ሕሙማን ለማግኘት አንድ ሺህ ሰው ለብዙ ዓመታት መከተል ይሆናል፤ የሚከተሉትም ሰዎች በየእርሻው የተበተኑ ድኾች ናቸው። ሥራው ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ያልተሠራውን ሥራ ግን እንደ ተሠራ መቍጠር አይገባም።

በዚህ ነጥብ ላይ ለትምህርቱ የሚመሰክር አንድ ነገር ስላለ ልደብቀው አልወድም። በ1995 ዓ.ም. በቬኔዝዌላ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፥ ከቲ.ኤን.ኤፍ. ጋር የተያያዘ አንድ የዘር ልዩነት በአፍንጫ ሕሙማን ዘንድ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። የዘር ውርስ ከበሽታው በፊት ያለ ስለ ሆነ፥ ከአባትና ከልጅ ጥያቄ ያመልጣል። ይህ ማስረጃ ከደሙ ማስረጃ ሁሉ ይልቅ ለእኔ ይከብደኛል። በመማሪያው ውስጥ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተሰጠውም፤ የራሱን ጠንካራ ጠበቃ ያልጠራ ተከራካሪ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ መስመሪቱን የሚያናጋት በኤች.አይ.ቪ. የተያዙት ሕሙማን ነገር ነው። ከብራዚል በወጡት የሕክምና ዘገባዎች፥ ኤድስ መከላከያቸውን ያወደመባቸው ሰዎች በሌሽማንያ ሲያዙ፥ አፍንጫቸውና አፋቸው ብዙ ጊዜ ይቈስላል። በነዚህ ሰዎች ቍስል ውስጥ ተሕዋሱ በብዛት ይገኛል፤ የሞንቴኔግሮም ፈተና ብዙ ጊዜ አያብጥባቸውም። መከላከያው የበዛበት ሰው አፍንጫው ይፈርሳል፤ መከላከያው የጠፋበትም ሰው አፍንጫው ይፈርሳል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት መንገዶች ወደ አንድ ፍርስራሽ ያደርሳሉ፤ መስመሪቱ ግን አንዱን ብቻ ታውቃለች።

አሁን አንባቢ እንዲያስታውሳት ወደ ለመንኋት ነጥብ ልመለስ። መስመሪቱ የተቀዳችው ከሥጋ ደዌ ትምህርት ነው። ሪድሊና ጆፕሊንግ በ1966 ዓ.ም. የሥጋ ደዌን ሕሙማን እንደ መከላከያ ኀይላቸው በደረጃ የከፈሉበት ሥራ የታወቀ ነው፤ የሌሽማንያ ሊቃውንትም ያንን መሰላል ለራሳቸው በሽታ ወሰዱት። ነገር ግን በሥጋ ደዌ መሰላል ላይ መከላከያው በበረታበት ጫፍ ያለው ሕመምተኛ፥ ምንም እንኳ ነርቩ ቢጎዳ፥ በሽታው በጥቂት ቦታ ይወሰንለታል፤ ያለ መድኀኒት የሚሽርለትም አለ። በሌሽማንያ በዚያው ጫፍ የተቀመጠው የአፍንጫ ሕመምተኛ ግን ራሱ በራሱ አይድንም፤ የሚድነው መካከለኛው ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ «በረታ» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? ብዙ ኢንተርፌሮን ያመርታል፤ ተሕዋሱን ግን ጨርሶ አያጠፋም። ይህ ብርታት ሳይሆን የብርታት ጩኸት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «መከላከያው ለምን በዛ?» ሳይሆን «ይህን ያህል በዝቶ ሳለ ለምን አይገድልም?» የሚለው ይመስለኛል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሞክሩ ሥራዎች አሉ። ኖቫይስ፥ ስኮትና ባልደረቦቻቸው በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ በአይጦች ላይ ሲዲ 8 የተባሉት ገዳይ ቲ ሕዋሳት ብግነትን እንደሚያባብሱና ተሕዋሱም ከመጀመሪያው ቍስል ወደ ሌላ ቦታ እንዲሠራጭ እንደሚረዱ አሳይተዋል። እነዚህ ሕዋሳት የሚገድሉት ተሕዋሱን የያዘውን ሕዋስ ነው፤ በውስጡ ያለው ተሕዋስ ግን በሕይወት ሊወጣ ይችላል። ሌባ የገባበትን ቤት ንደው ሌባውን በጓሮ የሚለቁ ዘበኞች ማለት ነው። ይህ ማብራሪያ ጥፋቱንም፥ ያለ መዳኑንም፥ መሠራጨቱንም ባንድ ላይ ይነካል። የአይጥ ሥራ መሆኑን አንርሳ፤ ሆኖም «በዛ» ከማለት «ምን ሠራ» ወደ ማለት ያሸጋግራል።

ሌላው አስደናቂ ነገር ቫይረሱ ነው። አንዳንድ የሌሽማንያ ዐይነቶች በሆዳቸው ውስጥ የራሳቸው ቫይረስ ይይዛሉ፤ በጥገኛ ላይ ጥገኛ። ከስዊስ አገር ከሎዛን የወጣው የ2011 ዓ.ም. ጥናት፥ ሌሽማንያ ጉያነንሲስ ይህን ቫይረስ ሲይዝ የአይጥ ሕዋሳት ቫይረሱን ዐውቀው ብግነትን እንደሚያባብሱ፥ በሽታውም እንደሚከፋ አመለከተ። ይህ እውነት ከሆነ የመከላከያው ብዛት ከሕመምተኛው ጠባይ የመጣ ሳይሆን ከተሕዋሱ ሆድ የተጠራ ነው። ዳሩ ግን በ2013 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተመረመሩት የአፍንጫ ሕሙማን ቫይረሱ አልተገኘባቸውም፤ አፍንጫቸው ግን ፈርሷል። እንግዲህ ቫይረሱም አንድ መንገድ ቢሆን እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም።

ቋንቋችንም ይህን ትምህርት ሳያግዘው አልቀረም። ቍስል ሲያብጥና ሲቀላ «ተቈጣ» እንላለን። የተቈጣ ሰው ጥፋት ሲያደርስ ማየት የለመድነው ነገር ስለ ሆነ፥ የተቈጣ መከላከያ አፍንጫ አፈረሰ ቢሉን ሳንመረምር አሜን እንላለን።

የኛ አገር ነገር ከዚህ ሁሉ ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚል፥ ዋናው አቤቱታዬ እዚህ ላይ ነው። በሰሜኑ ክፍል ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ሌሽማንያ በደጋና በወይና ደጋ የሚገኝ በሽታ ነው፤ ሽኮኮዎች ተሸክመውት ይኖራሉ፥ የአሸዋ ዝንብ ታሻግረዋለች። ተሕዋሱን ብሬይ፥ አሽፎርድና ብሬይ በ1973 ዓ.ም. ሌሽማንያ ኢትዮፒካ ብለው ሰየሙት። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የዓለም ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው በቆዳ ሌሽማንያ ይያዛል። ከነዚህም አፍንጫቸውና ከንፈራቸው የሚጠቃ አሉ። ነገር ግን በኛ ሕሙማን ዘንድ ቍስሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአፍንጫ ጫፍ ወይም ከከንፈር ቆዳ ሆኖ፥ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየገባ ልስልሱን ሥጋ ይይዛል። በባሂያ እንደሚታየው የእግር ቍስል ሽሮ ከዓመታት በኋላ በሩቅ አፍንጫን መምታት የኛው በሽታ የተለመደ መንገድ አይደለም። በጎረቤታችን በሱዳን ደግሞ ካላአዛርን የሚያመጣው ሌሽማንያ ዶኖቫኒ አፍንጫንና አፍን እንደሚያቈስል ተመዝግቧል። አንድ ስም፥ ሦስት ተሕዋስ፥ የተለያየ መንገድ። ይህ ሁሉ እያለ በመስመሪቱ ቀኝ ጫፍ «የአፍንጫ ሌሽማንያ» ተብሎ በአንድ ቃል ይጻፋል።

የታሪኩ አካሄድ ራሱ ያስገርማል። የመስመሪቱ ግራ ጫፍ በኛው ሕሙማን ላይ የተጠና ነው፤ ብራይሰን በኢትዮጵያ የተሠራጨውን የቆዳ ሌሽማንያ መርምሮ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተከታታይ አሳተመ፤ ለሥጋ ደዌ ምርምር በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተቋቋመው በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ደግሞ ሐና አኩፎና ባልደረቦቿ የተሠራጨውንና ተራውን የቆዳ በሽታ ሕሙማን ሊምፎሳይት አነጻጽረው በ1988 ዓ.ም. አወጡ። በሥጋ ደዌ ቤት ያደገ ምርምር የሥጋ ደዌን መሰላል ቢጠቀም አይፈረድበትም። የመስመሪቱ ቀኝ ጫፍ ግን የመጣው ከባሂያ ነው። የግራውን ጫፍ ከኢትዮጵያ፥ የቀኙን ከብራዚል አምጥተን ባንድ ገመድ አስረን «የኢትዮጵያ ሌሽማንያ የመከላከያ ደረጃዎች» ብለን ብንማር፥ ግማሹ ገመድ የተበደርነው መሆኑን እንኳ የሚነግረን የለም። በ2014 ዓ.ም. ያ የተሕዋስ ቫይረስ በሌሽማንያ ኢትዮፒካም ውስጥ እንዳለና ብግነትን እንደሚቀሰቅስ ታይቷል፤ ይህ ከባሂያው ማብራሪያ ጋር የሚስማማ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቫይረሱን የያዘው ተሕዋስ ከሌላው ይልቅ አፍንጫን የሚያጠቃ መሆኑን አያስረዳም።

ይህ የደብተር ክርክር ብቻ አይደለም። ከንፈሩ ያበጠ፥ አፍንጫው የተቦረቦረ ገበሬ ከወሎ ወይም ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ ሆስፒታል ይመጣል እንበል። በመንደሩ የሥጋ ደዌ ነው ተብሎ ከማኅበር ጽዋ ተገልሏል። ሌሽማንያ ኢትዮፒካ ለአንቲሞኒ እንደ ሌሎቹ ዐይነቶች በቀላሉ አይታዘዝምና፥ ሕክምናው ረዥም ነው፥ አንዳንዴም አይሠራም። ወጣቱ ሐኪም ያቺን መስመር አስታውሶ «ይህ መከላከያ የበዛበት ነው» ብሎ መከላከያን የሚያደክም መድኀኒት ቢጨምርለት፥ ሰውየው በውነት እንደ ባሂያው ከሆነ ሊጠቀም ይችላል። ነገር ግን ቍስሉ ተሕዋስ የሞላበት ቢሆን፥ ወይም ሳይመረመር የቀረ ኤች.አይ.ቪ. ቢኖርበት፥ የቀረውን ትንሽ አጥር አፈረሰለት ማለት ነው። ሐኪሙ የሚወስነው በዚያ ሰው አፍንጫ ውስጥ ያለውን ዐይቶ ሳይሆን በትምህርት ቤት ባስመረው መስመር ይሆናል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ምርመራ ውድ መሣሪያ ከመግዛት በፊት የሚጀመር ነው። ከአፍንጫው የሚቈረጠው ትንሽ ሥጋ ለሁለት ተከፍሎ፥ በግማሹ ተሕዋሱ ይቈጠር፤ በሌላው ግማሽ ሕዋሳቱና መልእክተኞቻቸው ይለኩ፤ በዚያው ቀን ደም ተቀድቶ የክንዱና የአፍንጫው መልስ ይስማማ እንደ ሆነ ይታይ፤ ቍስሉ ከቆዳ የተሻገረ ይሁን በሩቅ የመጣ ይጻፍ፤ ከሕክምናው በኋላም ይደገም። የመጀመሪያው ግማሽ፥ ማለት የተሕዋሱ ቈጠራ፥ ማይክሮስኮፕና ቀለም እንጂ ሌላ አይጠይቅም፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልጉ ጓደኞቼ ሊያስቡበት ይችላሉ።

በደብተሬ ያለችውን መስመር አላጠፋኋትም። በግራ ጫፏ አጠገብ «ኢትዮጵያ» ብዬ ጨምሬባታለሁ፤ በቀኝ ጫፏ አጠገብ ደግሞ «ባሂያ፥ ሌሽማንያ ብራዚሊየንሲስ፥ አብዛኛው በደም የተለካ» የሚል ጽፌባታለሁ።